ሄድስፔስ ለሥራ ፈጣሪ ምን ያህል ይጠቅማል?

ሄድስፔስ የተባለው የሜዲቴሽን መተግበሪያ ራሱ ከሥራ ጫና የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ለንደን ውስጥ የመሠረቱት የቀድሞው የቡድሂስት መነኩሴ አንዲ ፑዲኮምብ እና በማስታወቂያ ሥራ ውጥረት የዛሉት ሪቻርድ ፒርሰን ሲሆኑ፣ አንዱ ሜዲቴሽን እያስተማሩ ሌላው በንግድ ጉዳይ እየመከሩ ነበር የተቀራረቡት። እኔም አዲስ አበባ ውስጥ አነስተኛ ድርጅት ስለምመራ የምመዝነው ከዚሁ አንጻር ነው።

መሠረታዊው ሥልጠና ትንፋሽን ከአንድ እስከ ዐሥር በመቁጠርና የሰውነትን ስሜት ከራስ እስከ እግር በየተራ በማስተዋል ይጀምራል። ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ግን ጭንቀት ሲመጣ ሳይታገሉት «ይህ ሐሳብ ነው» ብሎ ለይቶ ወደ ትንፋሽ የመመለስ ልምምዱ ነው፤ የሠራተኞቹን ደመወዝ ከየት እንደሚያመጣ ሲያወጣ ሲያወርድ ለሚያድር ሰው፣ ዕዳውን ባይቀንስለትም ዕዳውንና ራሱን ለይቶ እንዲያይ ያግዘዋል። ለእንቅልፍ የተዘጋጁት ትረካዎችም ደኅና ናቸው። እምነቴን ይነካብኛል ብሎ ለሚሰጋ ሰው፣ በተከታተልኳቸው ልምምዶች ውስጥ የሃይማኖት ስብከት አላገኘሁም።

ቅሬታዬ መተግበሪያው ያለማቋረጥ የተሠራባቸውን ቀናት መቁጠሩ ላይ ነው። ስኬትን በቁጥር መለካት የለመደ ሰው ዕረፍቱንም ሌላ ዒላማ ያደርገዋል፤ የሚረጋጋውም ተጨማሪ ሰዓት ለመሥራት ይሆናል፤ ያደከመው ግን ይኸው አኗኗር ነበር።

የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ማይክል ፍሪማንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት ከተጠየቁት 242 ሥራ ፈጣሪዎች 49 በመቶዎቹ በሕይወታቸው ቢያንስ አንድ የአእምሮ ጤና ችግር እንደገጠማቸው ተናግረዋል። በእኛ አገር ደግሞ የቤተሰቡን ቤት ለባንክ ብድር አስይዞ የከሰረ ሰው የሚያፍረው በኪሳራው ብቻ ሳይሆን ቤቱን ባስያዙለት ወላጆቹም ፊት ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው የሚያስፈልገው መልሶ የሚጠይቀውና የሚሰማው ሰው ነው፤ የተቀዳ ድምፅ ይህን ሊያደርግለት አይችልም።

ዋጋው አሜሪካ ውስጥ በወር 12.99፣ በዓመት 69.99 ዶላር ሲሆን፣ ከዚህ ሆኖ ለመክፈል የውጭ ምንዛሪ ካርድ ያስፈልጋል። ስለዚህ እንቅልፍ ለማስተካከልና ለዕለት ውጥረት ለሚፈልገው ሰው የነፃ ሙከራውን ጨርሶ ቢወስን እመክራለሁ። እንቅልፍ ማጣቱና ተስፋ መቁረጡ ሳምንታት ለዘለቀበት ግን ገንዘቡን ለባለሙያ ምክር ቢያውለው ወይም ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ቢሄድ ይሻላል።