ስላይም ሞልድን በቤት ውስጥ ለማሳደግ የሚሸጠው የመማሪያ ጥቅል

ፊዛረም ፖሊሴፋለም የተባለውን ቢጫ ስላይም ሞልድ (ልፋጭ መሳይ፣ እየተዘረጋ የሚያድግ ፍጡር) ለማሳደግ የሚሸጠውን የመማሪያ ጥቅል ከልጆቼ ጋር ሞክሬዋለሁ። ለሳይንስ መምህራንም ለወላጆችም ያለ ማመንታት የምመክረው ቢሆንም፣ አብሮት የሚመጣው የመመሪያ ወረቀት መታረም እንዳለበት ሳልናገር አላልፍም።

በሳጥኑ ውስጥ አጋር (ጄሊ መሳይ ማሳደጊያ) የፈሰሰባቸው ጥቂት ፔትሪ ዲሾች (ጠፍጣፋ ክብ ሳህኖች)፣ ትንሽ ከረጢት አጃ፣ እንዲሁም በማጣሪያ ወረቀት ላይ ደርቆ የቀረው ፍጡሩ ራሱ አሉ። ይህ ብርቱካናማ ቅርፊት የሚመስል ነገር ስክሌሮሺየም የሚባለው የእንቅልፍ ደረጃ ሲሆን፣ ፍጡሩ ድርቀት ሲበረታበት ራሱን በዚህ መልክ አጠንክሮ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ወረቀቱን አጋሩ ላይ አስቀምጦ ማርጠብና አጃ አጠገቡ ማድረግ ይበቃል፤ ከእንቅልፉ ሲነቃ ከወረቀቱ ጠርዝ ቢጫ ደም ሥር መሳይ ነገር እየወጣ ወደ አጃው ይዘረጋል።

የጥቅሉ ዋጋ የሚታወቀው አጉሊ መነጽር ሲቀርብ ነው። በቢጫዎቹ ቱቦዎች ውስጥ ያለው ፈሳሽ ወደ አንድ አቅጣጫ በፍጥነት ሲፈስ ይቆይና ይቆማል፤ ከዚያ ደግሞ ወደ መጣበት ይመለሳል። ዲሹን የሞላው ይህ ሁሉ መረብ እጅግ ብዙ ኒውክለሶችን የያዘ አንድ ህዋስ መሆኑን ልጆች በዓይናቸው እያዩ የሚማሩበት ሌላ ቀላል መንገድ አላውቅም። ፍጡሩ ሲንቀሳቀስ የሚተወው ልፋጭም ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ቀድሞ ያሰሰውን ቦታ በዚሁ ልፋጭ ስለሚለይ፣ አንጎል ሳይኖረው የሄደበትን ላለመድገም ይችላል።

ጃፓናዊው ተመራማሪ ቶሺዩኪ ናካጋኪና ባልደረቦቹ በ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ይህንኑ ዝርያ በፕላስቲክ በተሠራ ውስብስብ መንገድ ውስጥ አሳድገው ምግብ በሁለቱ ጫፎች ቢያስቀምጡለት፣ የማይጠቅሙትን ቅርንጫፎች ሰብስቦ አጭሩን መንገድ አስቀርቷል። በ2010 (እ.ኤ.አ.) የጃፓን ተመራማሪዎች አጃን በቶኪዮ ዙሪያ ባሉ ከተሞች አቀማመጥ ሲደረድሩለት ደግሞ፣ የዘረጋው መረብ በብቃቱ ከእውነተኛው የባቡር መስመር ጋር የሚነጻጸር ሆኖ ተገኝቷል። ፍጡሩ ደረቅ ነገር ላይ መሄድ ስለማይወድ፣ አጋሩ ላይ የፕላስቲክ ቁራጮችን በመደርደር የመጀመሪያውን ሙከራ በቤትም መሞከር ይቻላል። መመሪያው ስለዚህ አንድም ቃል አለመጻፉ ያሳዝናል።

ከዚህ የሚብሰው ግን ስህተቱ ነው። የመመሪያ ወረቀቱ ፍጡሩን ከእንጉዳይ ወገን ይመድበዋል፤ ይሁንና ስላይም ሞልድ ባክቴሪያንና ሌላ ምግብን እየዋጠ የሚኖር የአሜባዎች ዘመድ ነው። ዲሹን መስኮት አጠገብ አስቀምጡ የሚለው ምክርም ጎጂ ነው፤ በዚህ ደረጃ ያለ ፊዛረም ብርሃንን ይሸሻል፣ ረሃብና ብርሃን ሲደራረቡበትም ማደጉን ትቶ ወደ ስፖር (የመራቢያ ቅንጣት) ማፍራት ይገባል። ስለዚህ ዲሹን ቁም ሳጥን ውስጥ ወይም በካርቶን ሸፍኖ ማቆየት ይሻላል።

አጃው በብዛት ከተጨመረ አረንጓዴ ሻጋታ ቶሎ ይወርሰዋል። መፍትሔው የተበላሸውን አጃ አንስቶ፣ ንጹሑን ቢጫ ጫፍ ከነአጋሩ በመቁረጥ ወደ አዲስ ዲሽ ማዛወር ነው። በጥቅሉ ውስጥ ያሉት ዲሾች ለዚህ ስለማይበቁ፣ የሚገዛ ሰው ተጨማሪ አጋርና ዲሽ አብሮ ቢያዝ ይመረጣል።