የግላስ ጄም በቆሎ ዘር፦ ቀለሙ እውነት ነው፣ እሸት ግን አትጠብቁ

የዚህን ባለብዙ ቀለም በቆሎ ፎቶ አይታችሁ «ይሄማ በኮምፒውተር የተቀባ ነው» ካላችሁ፣ አይደለም። እውነትም እንደ ጨሌ ያብለጨልጫል። ዝርያውን ያወጣው ቼሮኪ ከሚባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች የዘር ሐረግ ያለው፣ በአሜሪካ የኦክላሆማ ግዛት ገበሬ የነበረው ካርል ባርንስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ፎቶው ኢንተርኔት ላይ ሲዞር ዓለም አወቀው። የገዛሁት ዘር ጥሩ በቅሏል። ግን እሸት ጠብሼ እበላለሁ ብላችሁ እንዳትገዙ፤ ፍሬው ጠንካራ ነው፣ ለፈንዲሻና ለዱቄት ነው የሚሆነው።

ያናደደኝ ማሸጊያው ነው። ዘር ስለማስቀረት አንድ መስመር እንኳ የለውም! የበቆሎ ብናኝ በነፋስ ስለሚሄድ አጠገቡ ሌላ ዝርያ በአንድ ሰሞን ካበበ ይዳቀላል፣ ከጥቂት ተክል ብቻ ዘር ከያዛችሁ ደግሞ ከዓመት ዓመት እየደከመ ይሄዳል፤ ይሄን ሳይነግሩ «ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ዘር» ብሎ መሸጥ ምን ይሉታል? ለማንኛውም በአንድ ረጅም መስመር ሳይሆን ሰብሰብ አድርጋችሁ ዝሩት፣ አለበለዚያ ብናኙ በደንብ ስለማይዳረስ የበቆሎው ራስ ፍሬ ሳይሞላ ይቀራል።