የውጭ ሳይረን ሳጥንና ትንሿ ባትሪው፦ 14 ወር በድሬዳዋ ሙቀት

የሌባ ማንቂያው ሳይረን ሳጥን ከዚራ ሰፈር ባለ አንድ ሱቅ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ 14 ወር ሆነው። ውስጡ 12 ቮልት፣ 1.2 አምፔር ሰዓት ድፍን ባትሪ አለ። ሌባ ኬብሉን ቢቆርጠው ከፓነሉ (ከማንቂያው ዋና መቆጣጠሪያ) የሚመጣው 12 ቮልት ይጠፋል፤ ያኔ ሳጥኑ በራሱ ባትሪ ይጮኻል። ድምፁ እስካሁን አልደከመም፣ ላስቲኩም አቧራ አላስገባም። ያስቸገረው ባትሪው ብቻ ነው።

ብዙ ሰው መብራት በጠፋ ቁጥር ባትሪው የሚያልቅ ይመስለዋል። ይህ ሳይረን ሲጮህ የሚወስደው 0.35 አምፔር ያህል ነው፤ 15 ደቂቃ ሙሉ ቢጮህ 0.09 አምፔር ሰዓት አይሞላም። አጭር የመብራት መጥፋትን ደግሞ የፓነሉ 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ይሸከመዋል። የሳጥኑን ባትሪ የሚገድለው ሙቀት ነው። ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። የሳጥኑ ቻርጀር ሁልጊዜ 13.7 ቮልት ይሰጣል፤ ባትሪው 45 ዲግሪ ሲደርስ ግን 13.3 ገደማ ይበቃዋል። ትርፉ ውስጡን ያደርቀዋል። ምዕራብ ግድግዳ ላይ ሳለ የመጀመሪያው ባትሪ በ11ኛው ወር ሆዱ ተነፋ።

ስለዚህ ቦታው ከባትሪው ብራንድ ይበልጣል። የምዕራብ ግድግዳ የከሰዓት ፀሐይን በሙሉ ይቀበላል። ሰሜን ይሻላል፣ ግን በግንቦትና በሰኔ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ስለምታዘነብል ክፍክፍ ያለው ግድግዳ ይመረጥ። ፀሐይዋ በዚያ ሰዓት አናት ላይ ስለሆነች አጭር ክፍክፍም ይከልላል።

ኬብሉ ላይ መቆጠብ አይገባም። 0.22 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ በ30 ሜትር ርቀት፣ ደርሶ መልስ 60 ሜትር፣ 4.8 ኦም ገደማ ይይዛል፤ ሳይረኑ ከፓነሉ እየሳበ ሲጮህ 1.7 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል። በ0.5 ካሬ ሚሊ ሜትር 0.7 ቮልት ገደማ ነው።

ባትሪ ሲቀየር ፓነሉ አይጥፋ። መጀመሪያ ፓነሉ ወደ ጥገና ሜኑ ይግባ፤ አለዚያ የሳጥኑ ክዳን ሲነሳ ታምፐሩ (ክዳን መከፈቱን የሚያውቀው ማብሪያ) ያስጮኸዋል። የፓነሉ 12 ቮልት ሳጥኑ ላይ መድረሱ በቴስተር ይታይ። ከዚያ የባትሪው ቀይ ሽቦ ይነቀልና ጫፉ ወዲያው በናስትሮ ይጠቅለል፤ ጥቁሩ ይከተላል። አዲሱ ሲገባ ጥቁሩ ይቅደም፣ ቀዩ ይከተል። ፓነሉን ቀድሞ የሚያጠፋ ሰው መሰላል ላይ እያለ ጆሮው ሥር ይጮህበታል፤ የጆሮ መድፈኛ ለማንኛውም ይደረግ። ዋልታ ከተገለበጠ (ቀዩና ጥቁሩ ከተለዋወጡ) ፊውዙ ወይም ካርዱ ይቃጠላል። የላላ ሶኬትም በፒንሳ ጠበቅ ይደረግ፤ ያልጠበቀ ግንኙነት ባትሪው ሳይሞላ እንዲቀር ያደርጋል፣ ባዶውን የቆየ ባትሪ ደግሞ ተመልሶ አይድንም።

ምርመራው በየ3 ወሩ በቂ ነው። ባትሪው ተነቅሎ ለ12 ሰዓት ካረፈ በኋላ 12.8 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.3 ግማሽ ነው። ከቻርጅ በኋላም 12.1 ላይ ከቀረ ይቀየር። ደህና ቮልቴጅ እያሳየ ሳይረኑ ሲጮህበት በአንድ ደቂቃ ከ11 በታች የሚወርደውም አልቋል። ጎረቤት ቀድሞ ይነገረው። በጥላ ቢሆን እንኳ በዚህ ከተማ ከ2 ዓመት በላይ አናቆየውም። አሮጌው እርሳስና አሲድ ስላለው ደቻቱ ወንዝ ውስጥ አይጣል፤ የመኪና ባትሪ የሚሰበስቡ ይወስዱታል።