ድፍን ተልባ፣ የተፈጨ ተልባ ወይስ እንክብል? ለጡት ጤንነት ብለን ስለምንገዛው ነገር

ታላቅ እኅቴ የጡት ካንሰር እንዳለባት ከተነገራት ወዲህ፣ እዚህ ደብረ ብርሃን የማውቃቸው ሴቶች፣ የሥራ ባልደረቦቼም ሆኑ የጽዋ ማኅበር እኅቶቼ፣ ደጋግመው የሚጠይቁኝ «ለመከላከል የቱን እንግዛ?» እያሉ ነው። ወደ እኔ የሚመጡት በዚያ ድንጋጤ ውስጥ ሆኜ ገንዘቤን መጀመሪያ ያፈሰስሁት እኔ መሆኔን ስለሚያውቁ ነው። 60 ፍሬ የያዘ የተልባ ዘይት እንክብል በ2,800 ብር ገዝቼ አንድ ወር ከዋጥሁ በኋላ፣ የምፈልገው ነገር በውስጡ የሌለ መሆኑን ተረዳሁ።

ተልባን ከሌሎች እህሎች የሚለየው ሊግናን የተባለው ውሕድ ነው፤ ከምግብ እህሎች ሁሉ በዚህ ውሕድ እጅግ የበለጸገው ተልባ ነው። ሊግናን አንጀታችን ውስጥ ሲደርስ በዚያ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ወደ ኢንተሮላክቶን ይለውጡታል፤ ይህም ብዙ የጡት ካንሰሮችን ከሚያሳድገው ኤስትሮጅን ከተባለው የሴት ሆርሞን ጋር በቅርጽ ስለሚመሳሰል ሆርሞኑ በሚያርፍበት ስፍራ ላይ ደካማ ሆኖ ሊያርፍ ይችላል። ያለ በቂ ምክንያት አንቲባዮቲክ የሚወስድ ሰው እነዚህን ባክቴሪያዎች ስለሚጎዳ የሚያገኘው ኢንተሮላክቶን ይቀንሳል። ለገዢ ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን ሊግናን የሚገኘው በዘይቱ ውስጥ ሳይሆን በፍሬው ልባስ ላይ መሆኑ ነው። ዘይቱ ሲጨመቅ ሊግናኑ ከፋጉሎው ጋር ይቀራል፤ ስለዚህ ተለይቶ ካልተጨመረበት በቀር በዘይት እንክብል ውስጥ የለም ማለት ይቻላል።

ዋጋውን ደጋግሜ አስልቼዋለሁ። እንክብሉን በቀን ሁለት ሁለት ስወስድ 30 ቀን ስለቆየ የቀኑ ወጪ 93 ብር ከ33 ሳንቲም ነበር፤ የማገኘውም 2 ግራም ዘይት ብቻ ነው። ድፍን ተልባ ከገበያ በኪሎ 160 ብር ስገዛ ከአንዱ ኪሎ 100 ግራም ያህል አፈርና ገለባ ወጣለት፤ በተረፈው 900 ግራም ሳሰላው 25 ግራም፣ ማለትም የቀን ድርሻዬ፣ 4 ብር ከ44 ሳንቲም አወጣ። በአንድ ብልቃጥ እንክብል ዋጋ 17 ኪሎ ተኩል ተልባ ይገዛል፤ ከተበጠረ በኋላ እንኳን ከ600 ቀን በላይ ያበላል።

በመካከል ላይ ያለው ተፈጭቶ በፕላስቲክ የታሸገው ተልባ ነው፤ ብዙዎች ድካም ለመቀነስ የሚመርጡት እርሱን ነው። ግማሽ ኪሎ በ190 ብር ገዝቻለሁ፤ በቀን 9 ብር ከ50 ሳንቲም ማለት ነው። ሻጩ «እትዬ፣ እኛው አጣርተን የፈጨነው ነው፤ ይመኑኝ» ቢለኝም ስከፍተው የቆየ ዘይት ሸተተኝ። ተልባ 40 በመቶ ገደማ ዘይት አለው፤ የዘይቱም እኩሌታ የሚሆነው አየር ሲነካው በቶሎ የሚበላሸው ኦሜጋ 3 በመሆኑ፣ ከተፈጨ በኋላ ለወራት መደርደሪያ ላይ ሊቆይ አይገባም። ሁለተኛ ጊዜ ከሌላ ሱቅ የገዛሁት ደግሞ አይሸትም ነበር፤ ነገር ግን በውኃ ስበጠብጠው አልዝለገለገም፤ ታች ነጭ ዱቄት ዘቀጠ። ንጹሕ ተልባ በውኃ ውስጥ ጥቂት ሲቆይ መዝለግለግ አለበት፤ ሳይዝለገለግ ቢቀር ሌላ ነገር ተቀላቅሎበታል ብዬ እጥለዋለሁ። የደጋው ብርድ መበላሸቱን ሊያዘገየው ይችላል፤ በሸዋ ሮቢት ቆላ ለሚኖሩ ዘመዶቼ ግን የታሸገውን ዱቄት ፈጽሞ አልመክርም።

እንግዲህ ምርጫዬ ድፍኑ ነው። ድፍኑን እንዳለ መዋጥ ግን ገንዘብ ማባከን ነው፤ ልባሱ ጠንካራ ስለሆነ ፍሬው ሳይፈጭ እንደገባ ይወጣል። ተልባ በውኃ ሲነካ ስለሚያጣብቅ አይታጠብም፤ በሰፌድ አንገዋልሎ በደቃቅ ወንፊት አፈሩን ማራገፍ ይሻላል። ከዚያ በለሆሳስ ማመስ ነው፤ ሊግናን መጠነኛ ሙቀት ይችላል፤ ዘይቱ ግን ሲያርር ይበላሻል። ወፍጮ ቤት መውሰድ አይጠቅምም፤ በጥቂቱ አይቀበሉም፤ ከተቀበሉም የበርበሬውና የሽምብራው ትራፊ ይገባበታል። እኔ በ1,500 ብር አንድ የኤሌክትሪክ ቡና መፍጫ ገዝቼ ነበር፤ የታዋቂ መፍጫ ስምና መልክ ተመስሎበት የተሠራ መሆኑን ያወቅሁት በአራተኛው ወር ሲቃጠል ነው። ጠጋኙ የሞተሩን ካርቦን በ350 ብር ቀይሮልኝ፣ ከእንግዲህ ከዐሥር ሰከንድ በላይ ሳላቋርጥ እንዳልፈጭበት መከረኝ። ያንን 1,850 ብር ስደምርበት የድፍን ተልባ ትርፌ ለረጅም ጊዜ ተበልቷል፤ ሙቀጫ ያላት ሴት መፍጫ መግዛት አያስፈልጋትም። የሳምንት ብቻ ወቅጦ፣ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ብርድ ቦታ ማኖር ይበቃል።

በጾም ወራት የለመድነውን አንድ ነገር ግን መተው ይኖርብናል። ተልባውን በጥብጠን በወንፊት አጥልለን ገለባውን እንጥላለን፤ የምንጥለው ገለባ ሊግናኑ ያለበት ክፍል ነው። ሳይጠለል በፍትፍት ወይም በሽሮ ላይ ነስንሶ መብላት፣ ውኃም በብዛት መጠጣት ያስፈልጋል።

ስለ እርድም ይጠይቁኛል። ብዙ የሚወራለት ኩርኩሚን የተባለው ቢጫ ውሕድ በእርድ ውስጥ 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ሰውነትም በቀላሉ አይቀበለውም። ለወጥ የሚሆነውን ድፍኑን ገዝቶ መውቀጥ ይሻላል፤ በባንግላዴሽ ቀለሙ እንዲደምቅ ሊድ ክሮሜት የተባለ መርዛማ ቢጫ ቀለም ይቀቡት እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት አጋልጧል። ቁንዶ በርበሬ የተቀላቀለበት የእርድ እንክብል ጉበት የጎዳቸው ሰዎች አሉ፤ የተጠናከረ የአረንጓዴ ሻይ እንክብልም እንዲሁ። ከምግብ ውስጥ ያለ ውሕድ ተነጥሎ በእንክብል ሲሆን ጠባዩ እንደሚለወጥ ያስተማረን ለካሮት ቀለሙን የሚሰጠው ቤታ ካሮቲን ነው፤ በፊንላንድ እ.ኤ.አ. በ1994 ይፋ በሆነው ጥናት ቤታ ካሮቲን የወሰዱ አጫሾች በሳንባ ካንሰር የመያዝ መጠናቸው ካልወሰዱት በ18 በመቶ በልጦ ተገኝቷል።

ተልባን ስመርጥ ካንሰርን ያስቀራል እያልሁ አይደለም። በቶሮንቶ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ጥናት 32 ሴቶችን ብቻ ያካተተ ሲሆን፣ በቀን 25 ግራም የተፈጨ ተልባ ከኬክ ጋር የተጋገረላቸው ሴቶች የዕጢያቸው ሕዋሳት የመባዛት ፍጥነት ቀንሶ ታይቷል። እነዚያ ግን አስቀድሞ በሽታው የተገኘባቸው፣ ካረጡ በኋላ ያሉ ሴቶች ነበሩ፤ ሙከራውም በሽታው እንዳይነሣ መከላከሉን አልፈተነም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የጡት ካንሰር ከሚይዛቸው ሴቶች እኩሌታ ያህሉ ከጾታና ከዕድሜ በቀር ሌላ የታወቀ አጋላጭ ምክንያት የለባቸውም። በጡቷ እብጠት ያገኘች እኅት ያንን 2,800 ብር ለምርመራ ታውለው፤ ይህን በሙሉ ልቤ እላለሁ። ታሞክሲፈን የተባለውን የጡት ካንሰር መድኃኒት የምትወስድም ተልባንም እርድንም ከመጀመሯ በፊት ለሐኪሟ ትንገር፤ እኅቴ በሐኪሟ ምክር ተልባውን ስታቆየው እኔ አልተከራከርኋትም።

ለራሳቸው ለሚገዙ የቀረው የወቅቱ ጉዳይ ነው። ተልባ በኅዳርና በታኅሣሥ ሲታጨድ ይረክሳል፤ ዐቢይ ጾም ሲቃረብ ፈላጊው ስለሚበዛ እኔ ከምገዛባት ነጋዴ ዘንድ በኪሎ እስከ 40 ብር ሲጨምር አይቻለሁ። ስለዚህ ድፍኑን በጥር ወር 5 ኪሎ ገዝቼ፣ በጨርቅ ከረጢት ከእርጥበት አርቄ አኖራለሁ፤ ሳይፈጭ እስከ ክረምት መግቢያ ሽታው አይለወጥም።