በ«ጀብደኝነት» የመዘንኩት አሮጌ የፖለቲካ ቃላት መፍቻ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ካለ ያገለገሉ መጻሕፍት መሸጫ የአብዮቱን ዘመን የፖለቲካ ቃላት የሚፈታ አሮጌ መጽሐፍ በ300 ብር ገዛሁ። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ የምመዝነው አንድ አስቸጋሪ ቃል መርጬ ስለሆነ፣ ቤት እንደገባሁ የገለጥኩት «ጀብደኝነት» የሚለውን ነው።

ፍቺው አጭርና ትክክል ነው፦ የኃይል ሚዛንንና የሕዝብን ዝግጁነት ሳያገናዝቡ፣ ዕድልን ተማምኖ ወደ አደገኛ የፖለቲካ ወይም የጦር እርምጃ መግባት። በአመጣጡም ላይ ደህና ሠርቷል። ሩሲያውያን ቃሉን ከፈረንሳይኛ ወስደው ለነቀፋ እንዳዋሉት፣ ሌኒንም እ.ኤ.አ. በ1902 በ«ኢስክራ» ጋዜጣ «አብዮታዊ ጀብደኝነት» በሚል ርእስ የሶሻሊስት አብዮተኞችን ፓርቲ እንደነቀፈበት ይናገራል። በዚያው ዓመት የሩሲያን የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሲፒያጊንን ከዚያ ወገን የሆነ ተማሪ ገድሎት ስለነበር፣ የሌኒን ክርክር ከሕዝብ ንቅናቄ የተነጠለ የግለሰብ ሽብር ትግሉን ያዳክማል የሚል ነበር። ቃሉ በኋላ በኮሚኒስቶች መካከል የመወጋጊያ ጦር መሆኑን ግን መጽሐፉ ዘሎታል፤ እ.ኤ.አ. በ1963 ቻይናውያን የሶቪየት ኅብረቱን መሪ ክሩሽቼቭን፣ ሚሳይል ኩባ በማስገባቱ ጀብደኛ፣ መልሶ በማውጣቱ ደግሞ ተንበርካኪ ብለውታል።

ቅር ያሰኘኝ ስለ አማርኛው ዝም ማለቱ ነው። «ጀብዱ» በእኛ ዘንድ የሙገሳ ቃል ነው፤ ጀብዱ የሠራ ሰው ይፎከርለታል፣ ይሸለማል። የአብዮቱ ዘመን ተርጓሚዎች ይህንኑ ቃል «ጀብደኝነት» ብለው ለስድብ ሲያውሉት ምን እንደተቀየረ አንድ መስመር እንኳ አልሰጠውም። ጉዳዩ ለጎንደር ሰው ቀላል አይደለም፤ በጥቂት ተከታዮች ሸፍቶ በ1847 ዓ.ም. ዘውድ የጫነው የቋራው ካሣ በመጽሐፉ ፍቺ ቢመዘን ሳይነግሥ ገና ጀብደኛ ይባል ነበር። ፍቺው የኃይል ሚዛን ይላል እንጂ ሚዛኑን አስቀድሞ ማን እንደሚያውቀው አይነግረንም። (አያቴ ቢሰሙት መጽሐፉን ከእጄ ይነጥቁኝ ነበር።)

ጥራዙ ላልቷል፤ ከ«ፈ» ፊደል ሁለት ቅጠል ጎድሏል። ሻጩ ግን ጉድለቱን ሳልጠይቀው አሳይቶ ከጠራው ዋጋ 50 ብር ቀንሶልኛል። የዘመኑን በራሪ ወረቀቶች ለሚያነብ ተማሪ መጽሐፉ ይጠቅማል፤ የአማርኛውን ሥር ለሚሻ ግን አይበቃም።