ለወገብ ሕመም፦ እንቅስቃሴ ብቻ ወይስ አኩፓንክቸር የታከለበት ፊዚዮቴራፒ?

ካዛንቺስ ወይም ሜክሲኮ አካባቢ ቀኑን ሙሉ ቢሮ ተቀምጦ ውሎ፣ ማታ ደግሞ የታክሲ ሰልፍ ላይ የሚቆም ሰው ወገቡን ሲያመው ከፊዚዮቴራፒስት ዘንድ ሁለት አማራጭ ሊቀርብለት ይችላል።

በእንቅስቃሴ ላይ ብቻ የተመሠረተው ሕክምና ጡንቻን ያጠነክራል፤ ይሁንና ዋናው ሥራ የታካሚው ስለሆነ ቤት ውስጥ ካልተደጋገመ ፋይዳው ትንሽ ነው፣ ለውጡም ሳምንታት ይፈልጋል።

አኩፓንክቸር ሲታከል ከስፌት መርፌ እጅግ የቀጠነ፣ ብዙውን ጊዜ 0.25 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው መርፌ ከቆዳ ሥር ወይም ጡንቻ ውስጥ ገብቶ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ያህል ይቆያል፤ ነርቮችን በመቀስቀስም ሰውነት ራሱ የሚያመነጨውን የሕመም ማስታገሻ፣ ኢንዶርፊንን፣ እንደሚያበረታታ ይታሰባል። መርፌ ሲባል የልጅነት ክትባት ትዝ ለሚለን ሰዎች፣ በዚህኛው የሚወጋ መድኃኒት አለመኖሩን ማወቅ ያረጋጋል።

ማስረጃውን በተመለከተ ባለሙያዎች አንድ ቃል አይደሉም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ ሁለቱንም ሲያካትት፣ የእንግሊዙ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ (NICE) ግን ለወገብ ሕመም አኩፓንክቸር እንዳይሰጥ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይመክራል።

በእኔ አመለካከት መሠረቱ እንቅስቃሴው ነው፤ መርፌው የሚጠቅመው ሕመሙ ጎንበስ ቀና ማለትን ሲከለክል፣ እንቅስቃሴውን ለመጀመር በር እንዲከፍት ነው። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ይናገር፤ መርፌውም ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል፣ እሽጉም እርሱ እያየ የተከፈተ መሆኑን ይመልከት።