ሃይስፕሊትን ከደሴ ሆኜ ለሜርኩሪ ሞከርኩት

ሃይስፕሊት የሚባለውን፣ አየር ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሚሄድ በኮምፒውተር የሚያሰላ ሞዴል ሁለት ወር ስጠቀምበት ስለቆየሁ ያየሁትን ልንገራችሁ፣ በተለይ የአካባቢ ሳይንስ ለምትማሩ። የአሜሪካው የውቅያኖስና የከባቢ አየር መስሪያ ቤት ኖአ ነው ያቀረበው፣ ነፃ ነው፣ ምንም ሳትጭኑ በብሮውዘር ይሰራል። የገባሁበት ለመመረቂያ ፅሁፌ ስለ ሜርኩሪ ሳነብ ነው፣ ባህላዊ ወርቅ አምራቾች ወርቁን በሜርኩሪ ይይዙትና እሳት ላይ ሲያደርጉት ትነቱ አየር ውስጥ ይገባል፣ የተመድ የ2018 ሪፖርት ሰው ወደ አየር ከሚለቀው ሜርኩሪ 38 በመቶ ያህሉ ከዚሁ ነው ይላል። ታዲያ ደሴ ላይ የምንተነፍሰው አየር ከየት ይመጣል አልኩ።

11.13 ሰሜን 39.63 ምስራቅ ብዬ አስገባሁ፣ ሶስት ከፍታ ሰጠሁት፣ አየሩ የመጣበትን መንገድ 72 ሰዓት ወደ ኋላ ተከተል አልኩት። ትንሽ ቆይቶ ካርታ መጣ፣ ደሴ ላይ ኮከብ አለ፣ ከኮከቡ ቀይ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ መስመር ይወጣል፣ ከስር አየሩ ስንት ከፍታ ላይ እንደነበር ያሳያል። የታህሳስ ቀን ሰጥቼው ያወጣው መስመር በአፋር አድርጎ ወደ ቀይ ባህር ሄደ። የነሐሴው ግን ወደ ምዕራብ ዞረ፣ ወርቅ ወደሚወጣበት ወደ ቤኒሻንጉል በኩል፣ እውነት ለመናገር የዛን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ግን ተጠንቀቁ፣ መስመሩ በዛ አለፈ ማለት ሜርኩሪ ይዞ መጣ ማለት አይደለም፣ መጠንም አይነግራችሁም። ደግሞ የሜርኩሪ ትነት አየር ላይ ወራት ይቆያል፣ ዓለምን ይዞራል፣ 72 ሰዓት ለሱ ምንም ነው። ለዛ ጂኦስ-ኬም የሚባለው የአየር ኬሚስትሪ ሞዴል ነው የሚሻለው፣ ልቀቱን፣ ትነቱ አየር ላይ ካለው ብሮሚን ከሚባል ንጥረ ነገር ጋር ተዋህዶ ተለውጦ በዝናብ መውረዱን ሁሉ ያሰላል፣ እሱም ነፃ ነው ግን ሊኑክስና ጠንካራ ኮምፒውተር ይፈልጋል፣ የኔ ላፕቶፕ አይችለውም።

በጣም ያበሳጨኝ ሌላ ነው። የተጠቀምኩት የአየር ዳታ ባለ 1 ዲግሪ ነው፣ አንዱ ሳጥን 110 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ስለዚህ ደሴና ኮምቦልቻ ለሱ አንድ ቦታ ናቸው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት በሚኒባስ የወረደ ሰው ጆሮው ሲደፈን ያውቀዋል፣ ከ600 ሜትር በላይ ነው የምንወርደው! ጠዋት ጠዋት ከላይ ስናይ የኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ተኝቶ የሚቆየውን ጭስ ሞዴሉ ጨርሶ አያየውም፣ የደሴው ጦሳ ተራራም ለሱ ለጥ ያለ ነገር ነው። 0.25 ዲግሪውም ሳጥኑ 28 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ብዙ አይረዳም።

ለሩቁ አየር ተጠቀሙበት፣ በአንድ ቀን መስመር ግን አትፍረዱ። እኔ የነሐሴን 30 ቀን በሙሉ እያወጣሁ ነው፣ 11 ቀን ይቀረኛል፣ ኔትወርክ ሊቋረጥባችሁ ስለሚችል ድረ ገፁ የሚሰጣችሁን የስራ ቁጥር ፅፋችሁ ያዙ።